ሸክላው ከመጫኑ በፊት፦ በጅማ ቤት የሸክላ ማጫወቻን መፈተሽና መንከባከብ

ጅማ ውስጥ የሸክላ ማጫወቻ ያለው ሰው ብዙ አይደለም። ያለውም ያገኘው ከሦስት መንገድ በአንዱ ነው፦ የወላጆቹ ሬዲዮግራም (ሬዲዮና ሸክላ ማጫወቻ በአንድ ሣጥን ያለበት) ዳንቴል ለብሶ ሳሎን ጥግ ሲኖር ቆይቶ እሱ ጋ ደርሷል፤ ወይም ዘመድ ከአሜሪካ አለዚያም ከአውሮፓ ይዞለት መጥቷል፤ ወይም ሻንጣ የሚመስለውን፣ ብሉቱዝ ያለውን አዲሱን ገዝቷል። ዕድሜያቸውም ዋጋቸውም ይለያያል፤ ስሞታው ግን አንድ ነው። ይዘላል፣ ይጎተታል፣ ያጉረመርማል፣ በአንድ ወገን ብቻ ያወጣል።

እንዲህ ሲሆን እጃችን መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ካቻቢቴ ነው። ቆዩ። አብዛኛው የማጫወቻ ችግር ሆዱ ሳይከፈት የሚገኝ ነው። ደግሞም ማጫወቻ ቢበላሽ ሌላ ይገኛል፤ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 በጀመረው አምሃ ሪከርድስ የወጡት ባለ 45 ዙር ሸክላዎች፣ የካይፋና የፊሊፕስ ኢትዮጵያ ሕትመቶችም፣ ካሴት ገበያውን ከወሰደ ወዲህ ቁጥራቸው እየቀነሰ እንጂ እየጨመረ አይሄድም። ያረጀ መርፌ ደግሞ እንዲህ ያለውን ሸክላ በጥቂት ጨዋታ ይፍቀዋል፤ የተፋቀ መስመር አይመለስም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል መጀመሪያ የሚያስበው ለሸክላው ነው፤ ማሽኑ ሁለተኛ ይመጣል።

የሚያስፈልጋችሁ ዕቃ ቀላል ነው፦ የአናጢ ትንሽ ውሃ ልክ (ስልክ ላይ ያለውም ይሠራል)፣ አጉሊ መነጽር፣ ለስላሳ የሥዕል ብሩሽ፣ የጆሮ መጥረጊያ ጥጥ፣ ከፋርማሲ የሚገዛ አልኮል፣ ላጲስ፣ ቀጭን ካቻቢቴ፣ ክር። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሙከራ ሸክላ ነው፤ ቢጫር የማትቆጩበት፣ የማንም ትዝታ የሌለበት አንድ ሸክላ። ማንኛውንም ነገር ከነካካችሁ በኋላ መጀመሪያ የሚጫነው እሱ ነው። ማህሙድ አህመድ መሞከሪያ አይሆንም።

1. ስፒናው ከመሰካቱ በፊት

የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ከአውሮፓ የመጣ ማጫወቻ ከዚህ ጋር ይስማማል። ከአሜሪካ የመጣው ግን የተሠራው ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ ነው። ማጫወቻውን ገልብጡና ጀርባው ወይም ሆዱ ላይ የተለጠፈውን አንብቡ። አንዳንዱ ቮልቱን በካቻቢቴ ጫፍ የሚቀይሩበት ማዞሪያ አለው፤ ከሌለውና 120 ብቻ ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር መሰካት ማለት ሞተሩን ማቃጠል ማለት ነው።

ትራንስፎርመር ገዝታችሁ ሰካችሁት እንበል። ይዞራል፣ አይጨስም፤ ነገር ግን ዘፈኑ ሁሉ ይጎተታል፣ የዘፋኙም ድምፅ ይወፍራል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ቺንጋው (ሞተሩን ከሳህኑ ጋር የሚያያይዘው የጎማ ቀበቶ) አርጅቷል ብሎ ይደመድማል። ቺንጋው ንጹህ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀንሳል እንጂ ኸርዙን አይነካም፤ የብዙ አሮጌ ማጫወቻዎች ሞተር ደግሞ ፍጥነቱን የሚወስደው ከኸርዙ ነው። በ60 ኸርዝ በደቂቃ 33⅓ ጊዜ እንዲዞር የተሠራው በ50 ኸርዝ ከ28 በታች ይዞራል፤ ከስድስት እጅ ፍጥነቱ አንዱን ያጣል ማለት ነው። መፍትሔው ሞተሩ አናት ላይ ያለችውን ትንሽ ፑሌጃ ለ50 ኸርዝ በተሠራች መቀየር ነው። ካልተገኘች ጥሩ ቶርኖ ቤት ሊያወጣላችሁ ይችላል፤ ዲያሜትሯ ከነባሯ በ20 በመቶ ገደማ የሚበልጥ መሆን አለበት። ነባሯን አትጣሉ፤ ባለቶርኖው የሚለካው እሷን ነው።

ይህ ጣጣ በትንሽ አዳፕተር (9 ወይም 12 ቮልት ዲሲ) የሚሠሩትን አይመለከትም። ለእነሱ አዳፕተሩን በ220 በሚሠራ መተካት ይበቃል፤ ቮልቱና የጫፉ ፕላስና ማይነስ እንደ ነባሩ፣ አምፔሩ ደግሞ ከነባሩ ያላነሰ ይሁን።

ከዚያ የመብራቱ መሄድና መምጣት አለ። ሲመጣ ብዙ ጊዜ ከልኩ ከፍ ብሎ ስለሚመጣ ስታቢላይዘር መልካም ነው፤ ከስታቢላይዘር የሚሻለው ግን መብራት እንደሄደ ስፒናውን የመንቀል ልማድ ነው። ሰማዩ ሲያጉረመርምም እንዲሁ ንቀሉ። ሬዲዮግራም ከሆነ የአንቴናውንም ሽቦ ጨምሩ።

ለዓመታት ተዘግቶ የቆየ ሬዲዮግራም ከሆነ በእጃችሁ ያለው ግን ዛሬውኑ አትሰኩት። ውስጡ ያሉት ኮንደንሰሮች ይደርቃሉ፤ ድንገት ሙሉ ኃይል ሲያገኙ ይፈነዳሉ፣ ትራንስፎርመሩንም ይዘው ይሄዳሉ። አምፖል የሚመስሉ ቲዩቦች ያሉት ሬዲዮግራም ስፒናው ከተነቀለ በኋላ እንኳ ሰው የሚጎዳ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል። ይሄ የባለሙያ ሥራ ነው፤ በዚህ ላይ ጀግንነት አያስፈልግም።

2. መርፌው

እዚህ ጋ ጊዜ ውሰዱ።

የመርፌው ጫፍ አልማዝ ወይም ሳፋየር ነው። አልማዝ በደንብ ከተያዘ ከ500 እስከ 1,000 ሰዓት ያገለግላል። ሳፋየር የዚህን ጥቂት እጅ ያህል ብቻ ነው የሚቆየው። ታሪኩን የማታውቁት መርፌ፣ ማለትም ከአያት የተወረሰም ሆነ ያገለገለ ተብሎ የተገዛ፣ አልቋል ብላችሁ ተነሡ። ጫፉን በአጉሊ መነጽር ወይም በስልክ ካሜራ አቅርባችሁ ከፊትና ከጎን እዩት። ጤነኛው ዙሪያው ክብ ሆኖ ወደ ታች ይሾላል፤ ያለቀው ሁለት ጎኑ ተልጎ ጠፍጣፋ ይሆናል። የጫፉ ተሸካሚ የሆነችው ቀጭን ዘንግ ወደ አንድ ወገን ከዘመመች ደግሞ ምንም መርመራ አያስፈልግም፤ ይቀየር።

መርፌው ጤነኛ ሆኖ አቧራ ብቻ ከያዘ ብሩሹን በጥቂት አልኮል አርጥቡና ከኋላ ወደ ፊት፣ ሁልጊዜ ወደ ራሳችሁ አቅጣጫ ጥረጉ። ወደ ጎን፣ ወደ ኋላም በፍጹም። አልኮሉ አይብዛ፤ ጫፉን የያዘው ማጣበቂያ ነው፣ ቢለቅ አልማዙን ወለል ላይ አታገኙትም። በጣትም አትንኩት፤ ሸክላው ላይ የሚያርፈው የጣት ቅባት ነው።

ስለ ጭስ አንድ ነገር ልጨምር። ጅማ ውስጥ ሆኜ ቡና አታፍሉ አልልም፣ ብልም የሚሰማኝ የለም። ነገር ግን የሚቆላ ቡና ጭስና እጣን ሸክላው ላይ ተጣባቂ ቅባት ይተዋሉ፤ አቧራው በዚያ ላይ ይለጠፍና መርፌው እየጠረገ ይሰበስበዋል። ረከቦቱ ያለበት ቦታ ስለማይቀየር ማጫወቻው ይቀየር፤ ከክፍሉ ወዲያኛው ጫፍ ይሁን፣ እጣን ሲጨስ ክዳኑ ይዘጋ፣ ሸክላዎቹም ከፖስታቸው አይውጡ።

አሮጌ ማጫወቻዎች ላይ ካርትሪጁ (መርፌው የሚሰካበት ትንሽ ዕቃ) ጎን ትንሽ መቀየሪያ ታገኛላችሁ፤ በአንድ በኩል 78፣ በሌላው ኤል.ፒ. የሚል። ሁለት መርፌ ነው ያለው። ባለ 78 ዙሩ መርፌ ጫፍ ከሌላው ሦስትና አራት እጥፍ ይወፍራል፤ የ78 ሸክላ መስመር ሰፊ ስለሆነ ለእሱ ልክ ነው። በዚያ መርፌ ባለ 45 ማጫወት ግን መስመሩን ማረስ ነው። ድምፁ የታፈነና የሚያንሾካሹክ ከሆነ መጀመሪያ ይህችን መቀየሪያ እዩ።

አዲስ መርፌ ለማግኘት ካርትሪጁ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ቅዱ፣ ከጎንና ከታች ፎቶ አንሱ። አዲስ አበባ ያለ ሰው ወይም ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በዚያ ይፈልግላችኋል፤ ዕቃው ትንሽ ስለሆነ ሻንጣ አያጣብብም። የድርጅቱ ዋና መርፌ ባይገኝ ተመሳሳይ ሆኖ በሌላ የተሠራ ይገኛል፣ ለአብዛኛው ሰውም በቂ ነው። በብዙዎቹ ላይ መርፌው ከካርትሪጁ ጋር የሚያያዘው በፕላስቲክ መያዣ ስለሆነ ቀስ ብሎ ወደ ፊት ሲጎተት ይወጣል። ግትር ካለ አትታገሉት፤ ወደ ታች የሚነቀልም አለ።

ሻንጣ መሰሎቹን በተመለከተ ሐሳቤ አጭር ነው። ብዙዎቹ የሳፋየር መርፌ አላቸው፤ መርፌው ሸክላው ላይ የሚጥለው ክብደት ወደ 5 ግራም ይጠጋል፣ ማስተካከያም የላቸውም። ለእነሱ የሚሆን የአልማዝ መርፌ ስለሚሸጥ መጀመሪያ እሱን ቀይሩ። ከዚያም በኋላ ቢሆን ብርቅ የሆነ የድሮ ሸክላ አልጭንባቸውም።

3. ማስቀመጫውና ክብደቱ

ሸክላ የሚዘለው ብዙ ጊዜ ማጫወቻው ስለተንጋደደ ነው። ውሃ ልኩን በሚሽከረከረው ሳህን ላይ አንድ ጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ፣ አንድ ጊዜ ከፊት ወደ ኋላ አስቀምጡ። የማጫወቻው እግሮች የሚሽከረከሩ ከሆነ በእነሱ አስተካክሉ፤ ካልሆነ ከጠረጴዛው እግር ሥር ቀጭን እንጨት ክተቱ። ከማጫወቻው ሥር ወረቀት አጣጥፎ መክተት ለአንድ ቀን ይሆናል፣ እርጥበት ሲነካው ግን ይሟሽሻል።

የጅማ በርጩማ ሦስት እግር ስላለው ወጣ ገባ ወለል ላይም አይነቃነቅም። ለማጫወቻ የሚሆን ጠረጴዛ ስታሠሩም ለአናጢው ይህንኑ ንገሩት፦ ከዋንዛ፣ ከበድ ያለ፣ ሰፋ ባሉ ሦስት እግሮች የቆመ። ወለላችሁ ጣውላ ከሆነና ሰው ሲራመድ መርፌው የሚዘል ከሆነ ጠረጴዛውን ትታችሁ ግድግዳ ላይ በጠንካራ መደርደሪያ ስቀሉት። እስፒከሩን ከማጫወቻው ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡ። ድምፅ ከፍ ሲል የሚመጣው ጩኸት ከእስፒከሩ ተነሥቶ በጠረጴዛው አልፎ ወደ መርፌው የሚመለስ ንዝረት ነው።

መርፌውን የሚሸከመው ክንድ ኋላው ላይ የሚዞር ክብደት ካለው ማስተካከያው እንዲህ ነው። መጀመሪያ የጎን መሳቢያውን (ክንዱን ወደ ዳር ሳብ የሚያደርገው፣ አንቲ-ስኬቲንግ የሚባለው፤ ብዙ ጊዜ ከክንዱ ሥር ያለች ባለ ቁጥር ማዞሪያ ናት) ዜሮ ላይ አድርጉ። የመርፌውን ሽፋን አውልቁ። ክንዱን ከማሳረፊያው ፍቱና፣ በጣታችሁ ደግፋችሁ፣ ክንዱ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳይል አየር ላይ ልክ እስኪቆም ድረስ የኋላውን ክብደት አዙሩ። በዚህ ጊዜ መርፌው ምንም አይንካ። ክንዱን ወደ ማሳረፊያው መልሱ። አሁን ክብደቱን ሳታንቀሳቅሱ ቁጥሩ የተጻፈበትን ቀለበት ብቻ ዜሮ ላይ አድርጉ። ከዚያ ክብደቱንና ቀለበቱን አብራችሁ እያዞራችሁ ካርትሪጁ የሚፈልገው ግራም ላይ አቁሙ። የማግኔት ካርትሪጆች አብዛኛውን ጊዜ ከ1.5 እስከ 3 ግራም ይፈልጋሉ፤ አሮጌዎቹ የሴራሚክ ካርትሪጆች 5 እና ከዚያም በላይ። በመጨረሻ የጎን መሳቢያውን በዚያው ቁጥር ላይ አድርጉ።

ቁጥሩን ካላመናችሁት መርካቶ ያሉ ወርቅ ቤቶች ግራምን በመቶኛ የሚለይ ትንሽ ሚዛን አላቸው። ተመሳሳዩን ለራሳችሁ ብትገዙ ውድ አይደለም። መርፌውን ሚዛኑ ላይ ስታሳርፉ ቁመቱ ከሸክላው ጋር እኩል ይሁን። የሚዛኑ ሳህን ብረት ከሆነ ካርትሪጁ ውስጥ ያለው ማግኔት ስለሚስበው ቁጥሩን ያዛባል፤ ፕላስቲክ ከፍ አድርጋችሁ ደርቡበት።

ስለ ሳንቲሙም መናገር አለብኝ። በየቤቱ መርፌ ሲዘል ካርትሪጁ ላይ ሳንቲም መጫን የቆየ ልማድ ነው። የአንድ ብር ሳንቲም ከ6 ግራም በላይ ይመዝናል። 2 ግራም በሚበቃው መርፌ ላይ ያንን መጨመር ክብደቱን አራት እጥፍ ማድረግ ነው። መዝለሉ ይቆማል፣ እውነት ነው፤ የሚቆመው መርፌው መስመሩን እየጫነ ስለሚፍቀው ነው። ተቃራኒውም ስሕተት መሆኑን እወቁ፦ ሸክላው እንዳይጎዳ ብሎ ክብደቱን ከተፈቀደው በታች ማድረግ መርፌው በመስመሩ ውስጥ እንዲንገጫገጭ ያደርጋል፣ ጉዳቱም አያንስም።

4. ፍጥነቱ

ፍጥነት ለመለካት ልዩ ዕቃ አያስፈልግም። ሳህኑ ጠርዝ ላይ ትንሽ ወረቀት ለጥፉና በስልካችሁ ሰዓት 3 ደቂቃ ያዙ። በ33⅓ ላይ በትክክል 100 ጊዜ መዞር አለበት። በ45 ላይ ደግሞ በአንድ ደቂቃ 45 ጊዜ። አንድና ሁለት ዙር ልዩነት በጆሮ ይታወቃል፣ በተለይ ዜማውን በቃሉ ለሚያውቅ ሰው።

ቁጥሩ ካነሰ ሳህኑን አንሡ። ከሥሩ የጎማ ቺንጋ ካለ ውሰዱትና እዩት። ከላላ፣ ከተሰነጣጠቀ ወይም አንድ ቦታ ታጥፎ ከቀረ መድኃኒት የለውም። ደህና ከሆነ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት፤ ፑሌጃዋንና ቺንጋው የሚያርፍበትን የሳህኑን ጠርዝ በአልኮል አጽዱ። ቅባት የነካው ቺንጋ ይንሸራተታል፤ ግማሹ የፍጥነት ችግር ይኸው ነው። አዲስ ለማዘዝ ሲባል ክር በፑሌጃውና በሳህኑ ጠርዝ ዙሪያ ቺንጋው በሚሄድበት መንገድ አዙሩና ርዝመቱን ለኩ፤ የሚገዛው ቺንጋ ከዚያ ከ5 እስከ 7 በመቶ የሚያጥር ይሁን። የፀጉር ላስቲክና የተቆረጠ ከመነዳሪ ለመሞከር ይሆናሉ፣ ለማዳመጥ ግን አይሆኑም፤ ውፍረታቸው እኩል ስላልሆነ ድምፁ ይወዛወዛል።

ከቺንጋ ይልቅ በትንሽ የጎማ መንኮራኩር የሚሠሩ አሮጌዎች አሉ። የመንኮራኩሩ ጠርዝ አብለጭልጮ ከሆነ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት በስሱ አሻክሩትና በአልኮል ጥረጉት። ቴክኒክስን በመሳሰሉት፣ ሞተሩ ቀጥታ ሳህኑን በሚያዞርባቸው ላይ ደግሞ ቺንጋ አትፈልጉ፤ የፍጥነት መንሸራተቻውን ወዲያ ወዲህ ደጋግማችሁ ስታንቀሳቅሱ ብዙ ጊዜ ከእርጥበት የመጣው ዝገት ይለቃል።

ሳህኑ በእጅ ሲዞር የሚከብድ ከሆነ ኩሽኔታው ውስጥ ያለው አሮጌ ዘይት ረግቷል። መሃል ያለውን ዘንግና ጉድጓዱን በአልኮል አጽዱ፣ ይድረቅ፣ ከዚያ የስፌት መኪና ዘይት አንድ ሁለት ጠብታ። የምግብ ዘይት አይሆንም፤ ይጨቀያል። ክንዱ በራሱ ተነሥቶ የሚመለስባቸው ማጫወቻዎች ላይ መሃል መንገድ ከቆመም ያው የረጋ ግራሶ ነው። ክንዱን በጉልበት አትጎትቱ፤ ስፒናውን ነቅላችሁ ሳህኑን በእጅ በቀስታ ወደ ቀኝ አዙሩት፣ ዙሩን ጨርሶ ይመለሳል።

ድምፁ በየዙሩ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነና ፍጥነቱ ልክ ከሆነ ሸክላው መሃል ላይ አልተቀመጠም። ብዙ ባለ 45 ሸክላዎች ሰፊ ቀዳዳ ስላላቸው መሃሉን የሚሞላ ክብ ያስፈልጋል። ይህች ክብ ከሁሉ ቀድማ የምትጠፋ ናት። ጅማ ውስጥ እንጨት የሚቀርጽ እጅ ስለማይጠፋ አስቀርጹ፤ የውጭው ዲያሜትር 38 ሚሊ ሜትር፣ የመሃሉ ቀዳዳ ከ7 ሚሊ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ። ቀዳዳዋ ትክክል መሃል ላይ ካልሆነች ግን የባሰ ታደርገዋለች።

5. ድምፁ

ድምፁ የኮሰሰና ጎርናና የሌለው ከሆነ የተሰካበትን ቦታ እዩ። ከማግኔት ካርትሪጅ የሚወጣው ኃይል ጥቂት ሚሊ ቮልት ብቻ ነው፤ በአምፕሊፋየሩ ላይ ፎኖ የሚለው ቀዳዳ ያጎላዋል፣ ሸክላ ሲታተም የተቀነሰውን ጎርናናም ይመልሳል። ኦክስ ላይ ከተሰካ ይህ ሁሉ ይቀራል። የዛሬ ዕቃ ብዙ ጊዜ ፎኖ ስለማይኖረው ትንሽ ፎኖ አምፕሊፋየር መሃል ማስገባት ግድ ይላል። ማጫወቻው ራሱ ውስጡ ካለው ጀርባው ላይ ፎኖና ላይን የሚል ማብሪያ ታያላችሁ። ሁለት ጊዜ ከጎላ ደግሞ ድምፁ ይፈነዳል፤ አንዱን አጥፉ።

የማያቋርጥ ጉርምርምታ ካለ ከማጫወቻው የምትወጣዋን ቀጭን ሽቦ ፈልጉ፤ አምፕሊፋየሩ ጀርባ ላይ ባለችው ብሎን ትታሰራለች። ታስራም ካጉረመረመ ስታቢላይዘሩን ወይም ትራንስፎርመሩን ከማጫወቻው አርቁ። ጠረጴዛው ሥር ማስቀመጥ የተለመደ ነው፣ ካርትሪጁ ግን ማግኔታቸውን ይሰማል። የድምፅ ኬብሉም ከመብራት ገመድ ጋር ተጠቅልሎ አይሂድ።

በአንድ ወገን ብቻ ሲሰማ፦ አምፕሊፋየሩ ጀርባ ያሉትን ቀዩንና ነጩን ሰኪ አቀያይሩ። ዝምታው ወደ ሌላው እስፒከር ከተዛወረ ችግሩ ከማጫወቻው ወይም ከኬብሉ ነው፤ እዚያው ከቀረ ከአምፕሊፋየሩ ወይም ከእስፒከሩ። ከማጫወቻው ከሆነ ካርትሪጁ ጀርባ ያሉትን አራት ቀጫጭን ሽቦዎች እዩ። ነጭና ሰማያዊ የግራ፣ ቀይና አረንጓዴ የቀኝ ናቸው። አንዷ ወልቃ ወይም ዝጋ ይሆናል። በፒንሳ ጫፍ በቀስታ አውጡና መሰኪያውን በላጲስ ጠርጉት። ካርትሪጁ ከነመያዣው ከክንዱ የሚነቀል ከሆነም ጫፉ ላይ ያሉትን የናስ ነጥቦች በላጲስ ጥረጉ። በእኛ አየር ይህ በየክረምቱ የሚደጋገም ሥራ ነው።

6. እርጥበትና ሻጋታ

ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ብላ፣ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚወርድባት ከተማ ናት፤ ዝናቡም በክረምት ብቻ አይወሰንም፣ በበልግ ይጀምርና እስከ መስከረም ይዘልቃል። አዌቱ ወንዝ አጠገብ ወይም ወደ ቦዬ ረግረግ ጠጋ ያለ ቤት ደግሞ እርጥበቱን ይበልጥ ያውቀዋል። ሸክላ ራሱ ውሃ አይጠጣም፤ የካርቶን ልባሱና የወረቀት ፖስታው ግን ይጠጣሉ፣ ሻጋታውም የሚጀምረው ከእነሱ ነው። ነጭ ወይም ግራጫ ነጠብጣብ ሆኖ መስመሮቹ ውስጥ ይገባና እንደ እሳት ይንጣጣል።

ሸክላዎቹ ሁልጊዜ ቀጥ ብለው ይቁሙ፤ ተደራርበው ቢተኙ ይጎብጣሉ። ከወለል ከፍ ይበሉ። የውጭ ግድግዳ አይንኩ፣ መሃሉ አየር ይለፍ። በፕላስቲክ ከረጢት አጥብቆ ማሰር ጥበቃ ይመስላል፣ እርጥበቱን ግን ውስጥ ይቆልፈዋል። ከአዲስ ጫማ ሳጥን የሚገኙትን ትናንሽ የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች ሰብስባችሁ መሃላቸው ጣል አድርጉ። ጥቅምትና ኅዳር ሲደርስ ሁሉንም አውጥታችሁ በጥላ ሥር አናፍሱ፤ በጥላ ነው ያልኩት። ቪኒል 60 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ የተረሳ ሸክላ ሳህን ሆኖ ያገኙታል።

ሻጋታ የያዘውን ሸክላ ቤት ውስጥ አታጽዱት። ደጅ አውጡት፣ አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ መጀመሪያ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ የላይ የላዩን አራግፉ። ከዚያ አንድ ሊትር ዲስቲልድ ውሃ ውስጥ ሁለት ሦስት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ አድርጉ። ዲስቲልድ ውሃ ከመኪና ዕቃ መሸጫ ስትገዙ ጽሑፉን በደንብ አንብቡ፤ የባትሪ ውሃ ሲባል ንጹሁ ውሃም አሲዱም ጎን ለጎን ስለሚሸጡ መሳሳት ቀላል ነው። መሃል ያለው ወረቀት አይርጠብ። ለስላሳ ጨርቅ ነክራችሁ መስመሩን ተከትላችሁ በክብ ጥረጉ፤ ከመሃል ወደ ዳር አትሳቡ። በንጹህ ዲስቲልድ ውሃ አለቅልቁ፣ የዕቃ ማድረቂያ ላይ አቁሙት። ጋቢና ነጠላ ክር ስለሚተዉ ለማድረቂያ አይሁኑ። አሮጌው የወረቀት ፖስታ ይጣል፤ የታጠበ ሸክላ ወደዚያው ከተመለሰ ሥራው ባዶ ነው። የዘፋኙ ፎቶ ያለበትን የውጭ ልባስ ግን አናፍሳችሁ አስቀሩት።

አንድ ማስጠንቀቂያ ሳልጨምር አላልፍም። ከቪኒል በፊት የነበሩት ከባዶቹ ባለ 78 ዙር ሸክላዎች ሼላክ ከሚባል ሙጫ የተሠሩ ናቸው፤ ሼላክ በአልኮል ይሟሟል። እነዚህን አልኮል ያለበት ነገር አያስነኳቸው። መለያቸው ቀላል ነው፦ ይከብዳሉ፣ አይተጣጠፉም፣ ቢወድቁ ይሰበራሉ።

ሁሉ ተደርጎ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚደጋግም ሸክላ ካለ መስመሩ ውስጥ የተወተፈ ነገር አለ። ብርሃን ወደ ጎን አድርጋችሁ በአጉሊ መነጽር ፈልጉትና በእርጥብ የእንጨት ጥርስ መጎርጎሪያ፣ መስመሩን ተከትላችሁ ገፋ አድርጉት። በብረት አይሞከርም።

7. ለባለሙያ ሲሰጥ

ሞተሩ ጨርሶ ካልዞረ፣ የተቃጠለ ከሸተተ ወይም ፊውዝ ደጋግሞ ከጣለ ከዚህ በላይ አትሂዱ። ማጫወቻው አዲስ አበባ የሚሄድ ከሆነ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ይጠብቀዋል፤ እንዳለ ካርቶን ውስጥ ከገባ ክንዱ ተሰብሮ ይደርሳል። ሳህኑን አውጥታችሁ ለብቻ ጠቅልሉ፤ ከላይ ተደርቦ ከሄደ ዘንጉን ይመታል። የኋላውን ክብደት አውልቁ። ክንዱን ማሳረፊያው ላይ በለስላሳ ክር እሰሩ። ሞተሩ በስፕሪንግ የተንጠለጠለ ከሆነ የማጓጓዣ ብሎኖቹን አጥብቁ፤ ከጠፉ ካርቶን ቁራጭ እየጠቀጠቃችሁ እንዳይንቀሳቀስ አድርጉ። አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አይጫን። ያደረጋችሁትን ሁሉ፣ የለካችሁትን የዙር ቁጥር ጭምር፣ በወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ ላኩ፤ ባለሙያውም ከዜሮ አይጀምርም። መርፌውን ግን አውጡና በትንሽ ብልቃጥ ጥጥ ውስጥ አድርጋችሁ በእጅ ስጡት።